የጀግና መነሻ፦ ከክብረ ነገሥት እስከ ጀምበር

ክብረ ነገሥትን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳያስገርመው አይቀርም። ታቦተ ጽዮን ከኢየሩሳሌም ስትወጣ ምኒልክ አያውቅም። ነገሩን የጠነሰሰው የሊቀ ካህናቱ የሳዶቅ ልጅ አዛርያስ ነው። ሌሊት የመልአኩን ትእዛዝ የሚቀበለው እሱ ነው፤ በታቦቷ ምትክ እንጨት አልብሰው የሚያስቀምጡትም እሱና አብረውት የሚሰደዱት የእስራኤል በኩሮች ናቸው። ምኒልክ ወሬውን የሚሰማው ጉዞው ተጋምሶ ግብፅ ምድር ከደረሱ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ እንደ አያቱ እንደ ዳዊት በደስታ ይዘላል። የሀገር መሠረት ነው የተባለው ድርጊት ሲፈጸም የመጽሐፉ ጀግና ከነገሩ ሁሉ ውጭ ነበር።

ይህን እንደ አጻጻፍ ጉድለት የሚያዩ አሉ፤ እኔ አላይም። ለመጽሐፉ ጸሐፊ የምኒልክ ጀግንነት በሥራው የሚለካ አልነበረም፤ ጉዳዩ ያለቀው ገና ሲፀነስ ነው። ተረትን፣ አስማትንና የጀግኖችን አመጣጥ የሚያወሱ መጻሕፍታችንን በየዘመናቸው አስከትሎ ላየ ሰው ጎልቶ የሚታየውም ይኸው ነው። ጸሐፊዎቻችንን የሚያስጨንቃቸው ጀግናው ምን ሠራ የሚለው ሳይሆን ከየት መጣ የሚለው ነው። መልሱ ግን ይለዋወጣል። አንድ ዘመን ላይ ደም ነው፤ ሌላ ዘመን ላይ ትንቢት፤ ቀጥሎ መደብ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ገዳም ውስጥ የተሸሸገ ብራና።

የእናቶቹ ዘመን

ክብረ ነገሥት በመጨረሻ ገጹ ላይ ስለ ራሱ እንደሚናገረው ከቅብጥ ወደ ዓረብኛ፣ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። ወደ ግዕዝ የመለሱት የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅና ባልደረቦቹ ሲሆኑ፣ ጊዜውም የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን (1314–1344 እ.ኤ.አ.) እንደሆነ ይታመናል። ይኩኖ አምላክ ዛጉዌዎችን ጥሎ ከነገሠ ከ1270 እ.ኤ.አ. ወዲህ ገና ብዙ አልተቆየም። አዲሱ ቤተ መንግሥት የዘር ሐረግ ያስፈልገው ነበር፤ መጽሐፉም 117 ምዕራፍ ሙሉ ያንን ሐረግ ሲፈትል ይውላል።

አፈታተሉ ግን የካህን ብቻ አይደለም፤ የተረት አዋቂም ጭምር ነው። ሰሎሞን ንግሥቲቱን ቅመም የበዛበት ማዕድ አብልቶ፣ ከቤቱ ያለፈቃዱ ምንም ላትወስድ አስምሎ፣ ሌሊት ውኃ ስትጠጣ የሚይዝበት ክፍል ከየትኛውም ሀገር የምሽት ተረት ጋር ሊወዳደር ይችላል። ልጁ ምኒልክ አድጎ በ22 ዓመቱ አባቱን ሊያይ ሲሄድ ጋዛ ላይ ሕዝቡ ሰሎሞን መስሎት ይሰግድለታል። በእናቱ በኩል የተላከ ቀለበትም አለ። በግሪኮች ተረት ቴሴዎስ አባቱን የሚያገኘው ከድንጋይ ሥር በተቀመጠለት ሰይፍና ጫማ ነው፤ መንገዱ አንድ ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቴሴዎስ ገና ጭራቁን ሊገድል ይሄዳል፤ ምኒልክ ግን አባቱ ካወቀው በኋላ ሊሠራው የቀረ ሥራ የለም። ወደ ሀገሩ ሲመለስ ሠረገሎቹ እንኳ መሬት አይነኩም፤ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብለው ይነጉዳሉ።

እኔን ሁልጊዜ የምትይዘኝ ንግሥቲቱ ማክዳ ናት። በመጽሐፉ ውስጥ ሕይወት ያላት ሰው እሷ ናት። ነጋዴው ታምሪን ስለ ሰሎሞን የነገራትን ሰምታ ጥበብ ፍለጋ የምትነሣው፣ የምትጠይቀው፣ የምትታለለው፣ አርግዛ የምትመለሰው፣ ልጅ አሳድጋ የምትልከው እሷ ናት። መጨረሻ ላይ ግን ዙፋኑን ለልጇ ታስረክብና ከእንግዲህ ሴት እንዳትነግሥ መኳንንቱን ታስምላለች። ጸሐፊው ጀግናውን ለማንገሥ የገዛ ባለታሪኩን አፍ አዘጋ። በሀገራችን ጽሑፍ ከዚህ የበለጠ የሚያስቆጭ ትዕይንት ብዙ አላውቅም።

የሕዝቡ አፍ ግን አልተዘጋም። በሰሜን የሚነገረው የአርዌ ተረት የንግሥቲቱን ነገር ከመጽሐፉ በጣም ርቆ ይጀምረዋል። እባቡ አርዌ ንጉሥ ነው፤ ሕዝቡ ልጃገረድ ይገብርለታል። በአንዱ አነጋገር አንጋቦ የሚባል እንግዳ ገድሎት ይነግሣል፤ ማክዳም የእሱ ልጅ ናት። ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን በ1904 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአክሱም አካባቢ ተረት ደግሞ ለዘንዶው ልትበላ ዛፍ ላይ የታሰረችው ልጅ ራሷ ንግሥቲቱ፣ እቴዬ አዜብ ናት። ቅዱሳን ደርሰው ዘንዶውን ሲገድሉት ደሙ እግሯ ላይ ይንጠባጠብና ተረከዟ እንደ አህያ ኮቴ ይሆናል። ወደ ሰሎሞን የምትሄደው እንግዲህ ጥበብ ልትሰማ ብቻ አይደለም፤ እግሯን ልትድን ነው። የቤተ መንግሥቱ መጽሐፍ የዘር ሐረግ ሰጣት፤ የገበሬው ተረት ግን ሥቃይ ያለው ገላ ሰጣት። በአዲስ አበባ መደብሮች ለጎብኚ የሚሸጠው ባለ 44 ሥዕል ሸራም የሚጀምረው ከእባቡ እንጂ ከሊቃውንቱ ምዕራፍ አይደለም።

የገድላቱ ጸሐፊዎችም ጀግናቸውን የሚጀምሩት ከእናት ነው። ተክለ ሃይማኖት ገና ሳይወለድ እናቱ እግዚእ ኀረያ በዳሞቱ ንጉሥ በሞተለሚ ትማረካለች፤ ሊያገባት ድግስ ሲደገስ ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ተሸክሞ ወደ ባሏ ወደ ጸጋ ዘአብ ይመልሳታል። የተክለ ሃይማኖት የራሱ ስድስት ክንፍ የሚመጣው ብዙ ቆይቶ፣ በደብረ ዳሞ ገመዱ ሲቆረጥ ነው። ላሊበላ ሲወለድ ንብ ይሰፍርበታል፤ ነገሩን አይታ የምትተረጉመው እናቱ ናት። ከማዶም ቢሆን ያው ነው። የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው ዓረብ ፈቂህ ከጦርነቱ ወሬ በፊት ሰዎች ኢማሙን ከነቢዩ ጋር በሕልማቸው እንዳዩ ይተርካል። ሁለቱ ወገኖች በጦር ሜዳ ተፋጁ፤ በአተራረክ ግን አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ይመስላሉ። ከውጭ የመጣው ዜና እስክንድር እንኳ እዚህ ሲደርስ መቄዶናዊውን ንጉሥ አምላክ የሚፈራ ጸሎተኛ አድርጎ ነው ያስገባው።

ባለቤቱ ጀግና የሚሆንበት መጽሐፍ

ከዚሁ ከሰሎሞን ስም ሌላ የመጽሐፍ ዘርፍ ወጥቷል፤ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን እምብዛም አያነሡትም። መርበብተ ሰሎሞን ንጉሡ አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ ሲያጠምዳቸው የሚያሳይ የአስማት ድርሳን ነው። ደብተራው ከዚህና ከመሳሰሉት እየቀዳ ክታብ ይጽፋል። ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል፤ ከላይና ከመካከል ዓይን የበዛበት ጠልሰም ይሣልበታል፤ ከዚያ ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ተዘውትሮ የሚገኝበት ታሪክ የቅዱስ ሱስንዮስና የውርዝልያ ነው። ውርዝልያ አራስ ልጅ ገዳይ ናት፤ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ በጦር ይወጋታል።

ክታቡን ከሌላው መጽሐፍ የሚለየው በየጸሎቱ መጨረሻ የባለቤቱ የክርስትና ስም መግባቱ ነው። ብዙዎቹ የሴት ስም አለባቸው፤ የወለዱ፣ ያስወረዳቸው ወይም ልጅ የሞተባቸው ሴቶች። ክታቡ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ ይጻፍበታል። በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ከተከማቹት ጥቅሎች በብዙዎቹ ላይ ያ ፍቅፋቂ ዛሬም ይታያል። ክብረ ነገሥት ለአንድ ሥርወ መንግሥት የሚሆን መነሻ ሲጽፍ ክታቡ ለአንዲት አራስ ቦታ ከፍቷል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በመጽሐፈ ብርሃን አስማተኞችን አጥብቀው ማውገዛቸው ከሃይማኖት ጉዳይ አልፎ፣ ማን ለማን ኃይል ያለው ነገር ሊጽፍ ይችላል በሚለው ላይም የተደረገ ክርክር ነው እላለሁ። ክብረ ነገሥት ራሱ እንደ ትልቅ ክታብ መታየቱን የምናውቀው ደግሞ ከዐፄ ዮሐንስ ነው። በ1872 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት ቅጂ እንዲመለስላቸው ለንደን ጻፉ፤ መጽሐፉም ተመለሰ።

ትንቢቱን ያነበበው ልጅ

ፍካሬ ኢየሱስ ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል ይላል። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ካሳ ኃይሉ የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሥ ያንን ስም ወሰደ። ይህንንም ሁሉም ያውቀዋል። የማይነሣው ነገር፣ በታሪካችን አንድ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ የቆየን የጀግና መነሻ እንዲህ በገሃድ ለብሶ የወጣበት ጊዜ ሌላ መኖሩ አጠራጣሪ መሆኑ ነው። ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ ይሉት ነበር። እናቱን ወደ ሰሎሞን ዘር ከመጎተት ይልቅ፣ ትንቢቱ ለጊዜው ደሙን ሸፈነለት። ኋላ ግን እሱም የዳዊትና የሰሎሞን ልጅ መባልን አልጠላም፤ የጥንቱ ልማድ በቀላሉ አይለቅም።

ዜና መዋዕሉም አዲስ ነበር። ደብተራ ዘነብም ሆነ አለቃ ወልደ ማርያም በግዕዝ ሳይሆን በአማርኛ ጻፉ። የዘነብ ካሳ የሚማር፣ የሚሸፍት፣ የሚቆጣ፣ የሚቀልድ ሰው ነው። መልአክ ሌሊት አይመጣም። ለኋለኛው ልብ ወለድ መንገድ የጠረገው ይህ ይመስለኛል እንጂ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት ጦቢያ አይደለም። ጦቢያ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የመሆን ክብር አለው፤ ወንድ መስላ የምትጓዘው ልጅም ደስ ትላለች። ነገር ግን እሷም ወንድሟም የሚድኑት በመልካቸው፣ በአስተዳደጋቸውና በአጋጣሚ ነው፤ ገድል ውስጥ ያሉ ያህል ንጹሓን ናቸው።

በዚሁ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሌላም ነገር ተከሠተ፤ ዛሬ ድረስ የሚያወዛግበንም እሱ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1921 ዓ.ም. ባሳተሙት ዋዜማ፣ እንዲሁም እንግሊዛዊው ቻርልስ ሬይ በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ወደ ኋላ የሚሄድ የነገሥታት ዝርዝር ወጣ። ስሞቹ በከፊል ከግብፅ፣ ከኑብያና ከግሪክ ተረት የተገኙ ናቸው። ተመራማሪዎች ኋላ እንዳሳዩት የዝርዝሩ አንድ ትልቅ ምንጭ ሉዊ ሞሪዬ የተባለ ፈረንሳዊ በ1904 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ነበር። ሞሪዬ ሳይመጣ ይህን ሁሉ ስም ከነዓመቱ የሚያውቅ ደብተራ አልነበረም። ዛሬ በየመንገዱ ዳር በሚሸጡ ወፋፍራም የጥንት ታሪክ መጻሕፍት ላይ እነዚያው ስሞች የአባቶች ትውፊት ተብለው ይነበባሉ። ተረት ከአፍ ወደ መጽሐፍ ይገባል ሲባል እንሰማለን፤ ከመጽሐፍ ወደ አፍ የገባ ተረትም እንዳለን ማወቅ ይጠቅማል።

አልወለድም ያለው

የ1950ዎቹን ያህል የጀግናን መነሻ ያመሳቀለ ዘመን የለም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ተምረው ያደጉት ደራስያን ተረቱን በቤታቸው ሰምተውታል፤ ገድሉን በቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረውታል፤ ስለዚህ ከውስጥ ሆነው ነው የገለበጡት።

አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. አልወለድምን አወጣ። ገድሉ ሁሉ ቅዱሱ በእናቱ ማኅፀን ሳለ ምልክት ያሳያል ይላል። የአቤ ጽንስም ከማኅፀን ይናገራል፤ የሚለው ግን ወደዚህ ዓለም አልወጣም ነው። ግፍ፣ ድህነትና ዳኝነት ያጣ ሀገር ውስጥ ምን ልሠራ ልወለድ ብሎ ይሟገታል። ተአምሩ አለ፤ በረከቱ የለም። ኋላ ይወለዳል፤ አድጎም ለለውጥ ይታገላል፤ በመጨረሻም ያው ለውጥ ራሱን ይበላዋል። መጽሐፉ ታግዶ ተሰበሰበ። እንደ ልብ ወለድ ብዙ እንከን አለበት፤ ስብከቱ ይረዝማል፤ ሰዎቹ ከመናገር በቀር ብዙ አይኖሩም። ነገር ግን በአንድ ሐሳብ ብቻ ስድስት መቶ ዓመት የቆየውን የአወላለድ ትረካ ከመሠረቱ ማናጋቱን ማንም አይወስድበትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሀገሪቱ የሆነውን ያየ አንባቢ ደግሞ የመጽሐፉን መጨረሻ በሌላ ዓይን ለማንበብ ተገዷል።

ሐዲስ ዓለማየሁ ነገሩን ቀስ ብለው ነው የያዙት። በ1948 ዓ.ም. ተረት ተረት የመሠረትን ያሳተሙ ሰው ናቸው፤ ተረት እንዴት እንደሚሠራ አሳምረው ያውቃሉ። በ1958 ዓ.ም. በወጣው ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ በዛብህ እንደ ቅዱሳን ሁሉ የስእለት ልጅ ነው። ወላጆቹ ልጁ እንዲተርፍላቸው ለእግዚአብሔር ሰጥተውታል፤ ስለዚህ ሚስት አያገባም። ሳሙኤልንም ሌሎችንም የስእለት ልጆች ወደ ታላቅነት ያደረሰው መነሻ በዛብህን ወደ መቃብር ይወስደዋል። ሰብለ ወንጌልን የሚያጣት በመደብ ልዩነት ብቻ ነው ብሎ ማንበብ ተለምዷል። እኔ ግን በዛብህ ፊታውራሪ መሸሻን ከመፍራቱ በፊት እናቱ የተሳለችውን ስእለት ይፈራ ነበር ባይ ነኝ። እዚህ ላይ እናቲቱ ክፉ አለመሆኗ መጽሐፉን ትልቅ ያደርገዋል፤ ልጆች የሚሞቱባት ሴት የምታደርገውን ነው ያደረገችው።

ቴዎድሮስም በዚሁ ዘመን ተመልሶ መጣ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ቀደም ብሎ በቴአትር ጀምሮት ነበር። ብርሃኑ ዘሪሁን የቴዎድሮስ እንባን፣ አቤ ጉበኛም አንድ ለእናቱን በ1950ዎቹ ማብቂያና በ1960ዎቹ መባቻ አከታትለው አወጡ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በመድረክ አቀረበው። ከኮሶው ስድብ ውስጥ ኩራት ወጣ። በእነዚህ ሥራዎች የድሃ ሴት ልጅ መሆን ማፈሪያነቱ ቀርቶ ጀግናውን ከመኳንንቱ የሚለየው ማዕረግ ሆነ። ትንቢቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የካሳ ቁጣ ወደ ፊት ይመጣል። አንባቢዎቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሬት ላራሹ የሚሉ ልጆች ነበሩ፤ ዘር የማይቆጥር ንጉሥ ያስፈልጋቸው ነበር።

ደርግ ሲመጣ መነሻው በይፋ መደብ ሆነ። የዚያን ዘመን ልብ ወለዶች አስማትን ኋላቀርነት ብለው አስወጡ፤ በምትኩ የንቃት ቅጽበት አስገቡ። የበዓሉ ግርማ የቀይ ኮከብ ጥሪ ውስጥ አብዮቱ ሰውን የሚጠራበት መንገድ ግን ገድል ላደመጠ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም።

ከደሴት ገዳም ሥር

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ለረጅም ጊዜ የመጽሐፍ ገበያውን የያዘው የእስር ቤት ትዝታና የጄኔራሎች ማስታወሻ ነበር። ተረት የሕፃናት ፕሮግራም ሆኖ ቀረ። ከዚያ በ2001 ዓ.ም. ይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳን አወጣ።

ዴርቶጋዳ የጣና ገዳማትን፣ የጠፈር ሳይንስን፣ የአሜሪካንና የእስራኤልን ሰላዮች አንድ ላይ የሚያስጋልብ ልብ ወለድ ነው። ኢንጂነር ሻጊዝ እጅጉን ያነበበ ሰው ናሳ ውስጥ የሠሩትን ዶክተር ቅጣው እጅጉን ሳያስታውስ አያልፍም። መጽሐፉ ተደጋግሞ ታተመ፤ ራማቶሓራና ዣንቶዣራ ተከተሉት። ልብ ወለድ አንብበው የማያውቁ ወጣቶች ታክሲ ውስጥ ይዘውት ሲሄዱ ይታይ ነበር። ሐያስያን ሊንቁት ሞክረዋል፤ ፍጥነቱን የዳን ብራውን ነው ያሉ ነበሩ። ፍጥነቱ የዳን ብራውን ይሁን፤ ጥማቱ ግን የራሳችን ነው። ግራሃም ሃንኮክ በ1992 እ.ኤ.አ. ታቦቷ አክሱም ከመድረሷ በፊት ጣና ቂርቆስ ቆይታለች ብሎ ከጻፈ ጀምሮ፣ ምናልባትም ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ፣ ደሴቶቹ ላይ አንድ ያልተገለጠ ነገር አለ የሚለው ሐሳብ በየቤቱ ነበር። ይስማዕከ የዓለሙ ቴክኖሎጂ የጎደለውን ያ የተሸሸገው ነገር ይሞላዋል አለ። ሀገሩ በስደትና በድህነት ስሟ ለሚነሣበት የሃያ ዓመት ልጅ ይህ ትንሽ መጽናኛ አይደለም።

በ2007 ዓ.ም. እመጓን ያወጣው ዓለማየሁ ዋሴ ሌላ ዓይነት ጸሐፊ ነው። የአብያተ ክርስቲያናትን ደን ያጠና የሥነ ምህዳር ምሁር ነው፤ ዛፉንም ገደሉንም በስሙ ያውቀዋል። እመጓ፣ ዝጎራ፣ መርበብትና ሰበዝ ውስጥ ተራኪው ተጓዥ ነው፤ ከገዳም ገዳም ይሄዳል፤ ከአባቶች ጋር ይቀመጣል፤ ምሥጢሩን በጭላንጭል ያያል። መርበብት የሚለው ርእስ ከየትኛው የደብተራ መጽሐፍ እንደመጣ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። መንገዱ፣ ብርዱ፣ የመነኮሳቱ ዝምታ ሲጻፍ ዓለማየሁን የሚያህል በዚህ ዘርፍ የለም። የሚያከራክረው ሌላ ነገር ነው፤ እውነት ነው ወይስ ልብ ወለድ የሚለውን ድንበር ሆን ብሎ ማደብዘዙ። ብዙ አንባቢ የጉዞ ማስታወሻ አድርጎ ይወስደዋል፤ አንዳንዱም ቦታውን ሊያይ ይነሣል።

ሁለቱን ደራስያን የሚያገናኘው ግን የጀግናው ቦታ መለወጡ ነው። ምኒልክ በደሙ፣ ካሳ በስሙ፣ የአቤ ጽንስ በእምቢታው ጀግና ነበሩ። የእነዚህ መጻሕፍት ባለታሪክ ሐኪም ወይም ተመራማሪ ነው፤ የሚያደርገው ማንበብ፣ መከተልና መጠበቅ ነው። ኃይሉ ያለው እሱ ውስጥ አይደለም፤ አባቶች ቀብረው በተዉት ነገር ውስጥ ነው። ጀግናው ያለፈው ዘመን ራሱ ሆኗል። ይህ ደስ የሚያሰኝም የሚያሳስብም ነገር አለው። ደስ የሚያሰኘው ወጣቱ ብራናውንና ገዳሙን በፍቅር ማየት መጀመሩ ነው። የሚያሳስበው ደግሞ ምሥጢሩ ሁልጊዜ አስቀድሞ ያለቀ፣ የተዘጋጀና ንጹሕ መሆኑ ነው፤ ዛሬ ያለው ሰው የሚጨምርበት ወይም የሚጠራጠርበት አንድ መስመር አይተውለትም። ሴቶቹም ቢሆኑ እንደ እግዚእ ኀረያ የታገቱ ወይም እንደ ሰብለ የሚወደዱ ናቸው እንጂ መንገዱን የሚመሩት ጥቂት ናቸው።

ከዚህ ወጣ ያለ ነገር ማየት የጀመርነው በሥዕል ከሚነገሩ መጻሕፍትና ከውጭ ከሚጻፉት ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛና በአማርኛ የወጣው ጀምበር የተባለ የሥዕል ታሪክ ጀግናውን ተመርቆ ሥራ ያጣ ወጣት አድርጎ ጀመረው፤ ኃይሉን ከማግኘቱ በፊት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የቆመ ልጅ ነው። ቀጥሎ የመጣችው ሐዊ አሜሪካ ያደገች ልጅ ናት፤ ኢትዮጵያ ስትመጣ እናቷ ትታገትባታለች፤ ፍለጋውም እናትን ፍለጋ ይሆናል። ታሪኮቹ አጫጭር ናቸው፤ ጠላቶቹም አንዳንዴ ስስ ናቸው። ሆኖም ከሰማይ የወረደውን ኃይል ለሥራ አጥ ልጅ መስጠት ራሱን የቻለ አስተያየት ነው።

ከሁሉም ሩቅ የሄደችው መዓዛ መንግሥቴ ናት። በ2019 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የታተመውና በማግሥቱ ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዝርዝር የበቃው ልብ ወለዷ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ይካሄዳል። ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደዋል፤ ሠራዊቱ ተስፋ ቆርጧል። የልብ ወለዱ ባለታሪክ ሂሩትና ጓዶቿ መልኩ ንጉሡን የሚመስል ገበሬ ያገኛሉ፤ ልብሱን ያለብሱታል፤ አነጋገሩንና አቀማመጡን ያስጠኑታል፤ ኮረብታ ላይ አቁመው ለሕዝብ ያሳዩታል። ጀግናው እንዴት እንደተሠራ አንባቢው ከመጀመሪያው ያውቃል። ሂሩትና አስቴርም ያውቃሉ፤ ጠመንጃ ይዘው የሚያጅቡት እነሱ ናቸው። ሐሰቱን እያወቁ ይዋጋሉ፤ ያልሰሙትም አምነው ይዋጋሉ፤ ውጊያው ግን የሁለቱም እውነተኛ ነው። ደራሲዋ የጀግናን መነሻ ከደምም ከትንቢትም አውጥታ ልብስ የሚያለብሱ፣ የሚያስተምሩና የሚዋሹ ሰዎች እጅ ላይ አስቀመጠችው፤ ጀግንነቱን ግን አላዋረደችውም።

በአማርኛ የገዳም ምሥጢር ልብ ወለዶች ውስጥ ብራናው ሁልጊዜ ይገኛል፤ ይነበባል፤ ይፈታል። ያን ብራና ማን፣ በየትኛው ንጉሥ ዘመን፣ ማንን ለማንገሥ እንደጻፈውና የማንን ስም ፍቆ እንደጻፈው የሚጠይቅ ባለታሪክ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።